ጡሩምባ ነፊው ሽፈራውና ድምፅ የሌለው ፊልም

ሽፈራው ከሞተ ወዲህ በሰፈራችን ሰው ሲያርፍ የሚነገረን በስልክ መልእክት ነው። ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እናወጣዋለን፣ እናነባለን፣ መልሰን እንከተዋለን። መልእክቱ አይሳሳትም፤ ሰዓቱም ቦታውም በትክክል ተጽፎበታል። የዕድሩ ዳኛ እኔ ስለሆንኩ ይህን አሠራር ያጸደቅሁትም እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ማማረር አልችልም። ግን ስልክ ሰውን ከአልጋው አስነሥቶ፣ ጋቢውን አስደርቦ በሩ ላይ አያቆመውም። ሽፈራው ያቆመው ነበር።

ይህን የምጽፈው ከሞተ በኋላ ሰዎች እንደ ጻድቅ ሲያወሩለት ስለሰማሁ ነው። ጻድቅ አልነበረም። ቀጠሮ አያከብርም፣ ይዋሻል፣ አረቄ ቤት ከገባ የቤቱ ባለቤት ወንበር እስክታነሣ አይወጣም። የተዋሰውን ጃንጥላ አይመልስም፤ የእኔ ጃንጥላ ዛሬም የት እንዳለ አላውቅም። አገሩን ሲጠይቁት በየጊዜው ሌላ ቦታ ይጠራል፤ አንድ ቀን ሰላሌ፣ ሌላ ቀን ጎጃም፣ ቀን ሲከፋው ደግሞ «እዚሁ፣ ከእንጦጦ ጥድ ላይ ወድቄ ነው» ይላል። ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝና ስለ እሱም እውነቱን ብናገር ይሻላል።

ሰፈራችን ጉለሌ ነው፤ ከቀጨኔ ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት ላይ። ሽፈራው ረጅምና አንገተ ቀጭን ነበር። ጆሮው ትልቅ፣ ኮቱ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ኮት ይመስላል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ያ ኮት ዓይኔን ይወጋኝ ነበር፤ ላስተካክልልህ ስለው «ዳኛ፣ ኮቱ ለምዶኛል፤ አሁን ቢቀየር ያኮርፋል» ይለኛል። አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው ድምፅ ከዚያ አካል የሚወጣ አይመስልም። ከመናገሩ በፊት ማይክሮፎን እንደሚፈትሽ ሰው በሁለት ጣቱ ጉሮሮውን መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል። ስሙን ሲጠራው ሰውየው በሕይወት ሳለ ያልነበረው ክብር ይጨመርበታል።

እዚህ ሰፈር ሲመጣ ዘመድ አልነበረውም። ለዕድሩ ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍልበትም አቅም አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ውል ገባን፤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሽፈራው ጡሩምባ ይነፋል፣ በየደጁ እየዞረ ሞት ይናገራል፤ በምትኩ ያለ መዋጮ አባል ይሆናል፣ ሲሞትም ዕድሩ ይቀብረዋል። ጡሩምባውን ካስቀመጠ አባልነቱም አብሮ ይቀራል። ሚስት አግብቶ እሷም ያለ ልጅ ስትሞትበት፣ ያ ውል ብቻ ቀረው። እሱ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወራ እንኳ ቀልድ አያጣም። «እኔ የምሠራው ለቀብሬ ነው፤ እንደ እኔ አርቆ ያሰበ ሰው አለ?» ይል ነበር።

ሥራውን አክብሮ ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ተንኮሉንም ግን በሥራው መሐል ያስገባል። ቀብር የማይወጣ ሰው ካለ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ሰውየው በካናቴራ እስኪወጣ ድረስ ይነፋል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ሳለ የእኔው መስኮት ሥር መጥቶ ለረጅም ጊዜ ነፋ። ተነሥቼ ወጣሁ።

«ምነው ሽፈራው፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«አሟቸዋል ሲባል ሰማሁ፤ መኖርዎን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለኝና ሄደ።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ።

ሽፈራው መንገድ ዳር ያለችውን አንዷን ክፍሉን ድሮ ቪዲዮ ቤት አድርጓት ነበር። ኋላ በየቤቱ ዲሽ ገባ፣ በየእጁ ስልክ ገባ፤ አግዳሚዎቹ ባዶ ቀሩ። እሁድ እሁድ ኳስ ያሳያል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ መርካቶ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ሰው ያቀበለውን ሁሉ ያሳያል። እንግሊዝኛ አያነብም፤ አንብብልኝ ብሎ ሰው መለመንም አይወድም። አንድ ቅዳሜ «የመጨረሻው ምርጥ አክሽን» ብሎ በጠመኔ ደጁ ላይ ጻፈና ቤቱ ሞላ። ፊልሙ ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ሆነ። ሰዎች በፍጥነት ይሯሯጣሉ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም።

ሽፈራው ስፒከሩ የተበላሸ መሰለው። መታው። ሽቦውን ነቀለና መልሶ ሰካው። ፈትቶ ውስጡን በአፉ እፍ እፍ አለበት። ተመልካቹ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዳንዱም ገንዘባችንን መልስ አለ። ያንን ገንዘብ ግን ሽፈራው ጠዋት አስቀድሞ ሰብስቦ አረቄ ጠጥቶበታል። ፊልሙ አሜሪካኖች ገና ለሥዕላቸው ድምፅ መስጠት ሳይችሉ የሠሩት ረጅም የቧልት ፊልም መሆኑን ማንም አላወቀም፤ እኔም ያወቅሁት ኋላ ልጄ ትዕግሥት ስልኳ ላይ አይታ ስትነግረኝ ነው። ሽፈራው ግን የጨነቀው ሰው ነበርና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመ፣ ጉሮሮውን በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገና መናገር ጀመረ።

ስፒከሩ በዚያው ተፈትቶ ቀረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ማለቴ ሽፈራው እንደሚለው እንዲህ ነው። አንዲት ግዙፍ የባላገር ልጅ አለች፤ አባቷ ሀብታም ነው። ከከተማ አንድ ቀጭን አጭበርባሪ መጥቶ ለሀብቷ ሲል ያግባባታል። እሷ በፍቅር ገፋ ስታደርገው እሱ አጥር ላይ ይሰቀላል። አባትየው ጣቱን እያነሣ ሁሉንም ይመክራል። ከዚያ ሠርግ አለ፣ ቶርታ መወራወር አለ፣ ዱላ የያዙ ፖሊሶች አሉ፤ ፖሊሶቹም ሆኑ አጭበርባሪው በመጨረሻ ከድልድይ ወንዝ ውስጥ ይወድቃሉ። ልጅቷን ሽፈራው የሸጎሌ በግ ነጋዴ ልጅ አደረጋት፤ አጭበርባሪውን የቤት ደላላ። ተመልካቹ ቀድሞ ሲስቅ «ረጋ በሉ፣ ገና አልወደቀም» ይላቸዋል። በየመሐሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲመጣ ማንበብ ስለማይችል የዕድሩን ማስታወቂያ ይናገርበታል። «የፊታችን እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ የማይገኝ ይቀጣል።» በዚያን ሰሞን ስብሰባችን ለምን እንደሚሞላ ግራ ገብቶኝ ነበር። ከእኔ ምክር የተነሣ መስሎኝ፣ አመስግኛቸውም ነበር።

አጭበርባሪው ወንዙ ውስጥ ሲሰጥም ሽፈራው ጡሩምባውን አንሥቶ ይነፋል። ጠዋት በየደጁ በሚናገርበት በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ክብር፣ «የዕድሩ አባላት ሁሉ ስሙ» ብሎ የአጭበርባሪውን ሞት ያውጃል። ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ እስኪናገር ድረስ ውሃው ፀጥ ይላል። ከዚያ ከውሃው ውስጥ በመጀመሪያ ባርኔጣ፣ ቀጥሎ ራስ ብቅ ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሰፈሩ በየቅዳሜው ይህን እያየ ከረመ። ያንኑ አንድ ፊልም።

እኔ አላየሁም። ልጆቼም እንዳይሄዱ ከልክያለሁ። ቀልድ ስለምጠላ አይደለም፤ ጊዜን ስለማከብር ነው። እኔ ማንበብ የተማርኩት በጨው መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። ጊዜዬን ሳቅ ላይ ባጠፋው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ይህንን ለልጆቼ በየራቱ እነግራቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ጣቴን አንሥቼ ስመክራቸው ትዕግሥት ከንፈሯን ትነክሳለች። ታናሽዋ ደግሞ ውሃ ላምጣ ብላ ትወጣና ማድ ቤት ውስጥ ትቆያለች። ምክሬ ልባቸውን እየነካው ነው ብዬ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አቶ ደምሴ ባረፈ ጊዜ ነው። ደምሴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የሽፈራው የልብ ወዳጅ ነበር። ቅዳሜ ከፊት አግዳሚ ላይ አይጠፋም ነበር ይላሉ። ያን ጠዋት ሽፈራው ጡሩምባውን ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ እኔም ወደ ልቅሶው ቤት እየሄድኩ ከኋላው ነበርኩ። ድምፁ ትንሽ ተሰብሯል፤ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። «የዕድሩ አባላት ሁሉ ስሙ» አለ። ስሙን ጠራ። የቀብሩን ሰዓት ተናገረ። ወዲያው ከአንድ አጥር ጀርባ የልጅ ድምፅ፣ «ቆይ፣ አሁን ይነሣል» አለ።

ሌላው ልጅ ሳቀ። ቀጥሎ ያለው ግቢም ሳቀ። ቀስ በቀስ ዳገቱ በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ሳቁን ለማፈን የሚታገል ሰው የሚያወጣውን ያንን አስቀያሚ ድምፅ አወጣ። ሽፈራው ጡሩምባውን ይዞ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከፊት ለፊቱ የደምሴ ቤት ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

በዚያው ሳምንት የዕድሩን ኮሚቴ ሰበሰብኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ሞት የተቀለደበት ድምፅ ሞት ሊናገር አይችልም። ጡሩምባው ለሌላ ሰው ይሰጥ። ዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ባለሱቁ ሐጂ ከድር ናቸው። እሳቸው ፂማቸውን ዳሰሱ።

«ጡሩምባውን ከወሰድንበት አባልነቱም ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ውሉ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?»

«ውሉን አውቆ ነው የፈረመው» አልኩ።

ነገሩ ሽፈራው ጆሮ ሳይደርስ አላደረም። በማግስቱ ሱቄ መጣ። ስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ቆሞ ኮቱን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ያስተካክሉልኝ» አለ።

«ዛሬ ነው የታየህ?»

«ሽማግሌ ፊት ልቀርብ አይደል። ሰው ልምሰል ብዬ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሁልጊዜ ዳኛ እያለ አንቱ ይለኝ የነበረው ሰው፣ «ወርቁ» አለኝ። «ደምሴ ላይ አልቀለድኩም። እኔ የቀለድኩት ያ ደላላ ላይ ነው። እነሱ ናቸው ያደባለቁት።»

«አንተ ነህ ያደባለቅከው። አንድ ድምፅ ለሁለት ነገር አይሆንም።»

«ሌላ ድምፅ ከየት አመጣለሁ?» አለ። «ሜዳ ላይ እንዳታስቀረኝ ብቻ» ብሎ ወጣ፤ ኮቱን ትቶት።

ሐጂ ከድር ግን ባላየነው ነገር አንፈርድም ብለው ድርቅ አሉ። «እኔም ፊልም አይቼ አላውቅም፤ ግን ሳይመዝኑ ዋጋ አይጠሩም» አሉ። ስለዚህ በቅዳሜው የዕድሩ ኮሚቴ፣ ካፖርትና ከዘራ ይዞ፣ ሽፈራው ቪዲዮ ቤት ገባ። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም። ቤቱ ሞልቷል፤ ብርሃኑ ጠፍቷል፤ ሰው እኛን ሲያይ የፊተኛውን አግዳሚ ለቀቀልን። ሽፈራው እኔ ያጠበብኩለትን ኮት ለብሶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጀመረ። የባላገሯ ልጅ ተናገረች፣ ደላላው ተናገረ፣ የፖሊስ አዛዡ ተናገረ። ሐጂ ከድር ገና ሰውየው አጥር ላይ ሲሰቀል መሐረባቸውን አወጡ። እኔ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በትኩረት እከታተላለሁ፤ ጥፋት ፍለጋ ነው የመጣሁት። ከዚያ አባትየው ብቅ አለ። ፂም ያለው፣ ቆፍጣና፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ጣቱን አነሣ። አፉ ይንቀሳቀሳል። ሽፈራው ግን ዝም አለ።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ተናገረ፤ ድምፅ የለም።

«ይህ ሰውዬ ምነው ዝም አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ እንኳን… ዛሬ ጉሮሮውን አሞታል» አለ ሽፈራው።

ከበስተኋላ አንድ ሰው ሳል እንዳፈነው ዓይነት ድምፅ አሰማ። አባትየው ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ጣቱን አነሣ፤ አሁንም ሽፈራው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ተመልካቹ መቁነጥነጥ ጀመረ፤ የለመደውን ነገር የነጠቁት ሰው እንደሚቁነጠነጠው። በመጨረሻ ከጨለማው ውስጥ አንዱ አላስችል አለውና፣ «እኔ ማንበብ የተማርኩት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው» አለ።

ድምፁ የእኔ ነበር። ማለቴ የተናገረው ሰው ሌላ ነው፤ አነጋገሩ ግን የእኔ ነው።

ቀጥሎ ሌላው፣ «ሳሙና ርካሽ ነው፣ ውሃ ከቧንቧ ይወርዳል፤ ታዲያ ቆሻሻው ለምን?» አለ። ይህንን እኔ በየስብሰባው እላለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልቻላቸውም። አባትየው አፉን በከፈተ ቁጥር ቤቱ በሙሉ አብሮ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች፣ የእኔን ምክር በቃሉ ይወጣዋል። «በሰዓቱ ተገኙ።» «ማነው መብራቱን አብርቶ የተወው?» ከኋላ አግዳሚ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማ ደስተኛ የሴት ድምፅ ነበር። ትዕግሥት ናት። ልጄን ከድምፅ መሐል አልስታትም።

በዚያ ጊዜ የተሰማኝን ልደብቅ አልፈልግም። መጀመሪያ ደም ፊቴ ላይ ወጣ። ቀጥሎ ሰውየውን በደንብ አየሁት። ጣቱን ሲያነሣ ትከሻው አብሮ ይነሣል፤ የእኔም ይነሣል ይሉኛል። የሚለውን ሁሉ ደግሞ ሰማሁ። ይገርማል፤ አንድም የተሳሳተ ነገር አልተናገረም። ሳሙና በእውነት ርካሽ ነው። መብራት ማጥፋት ተገቢ ነው። ቶርታው ግን ፊቱ ላይ ያረፈው ልክ ትክክለኛውን ነገር ሲናገር ነው። ክሬሙ ዓይኑን ሸፈነው፤ ቆሞ በሁለት እጁ አየሩን ዳሰሰ። ሽፈራው በዚህን ጊዜ ራሱን መግታት አቃተው መሰለኝ፤ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ቁጣ፣ «ማነው መብራቱን ያጠፋው?» አለ።

ሐጂ ከድር ከአግዳሚው ሸርተት ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔ መሐረቤን አፌ ላይ አደረግሁ። ሳል ነው አልኳቸው። ሳል አልነበረም።

ደላላው ወንዝ ሲገባ ጡሩምባው ተነፋ፤ ሽፈራው ግን ሞት አላወጀም። አፉ አልታዘዝ አለው። ባርኔጣው ያለ ማስታወቂያ ከውሃው ብቅ አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ፍርዱ በማግስቱ እሁድ ጠዋት ነበር። ከሰው ሁሉ ፊት፣ ሽፈራው ጡሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ከመናገሬ በፊት ወይዘሮ አስካለ ልናገር አለች። ሐዘን ላይ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ትናገራለች ብሎ ማንም አልጠበቀም።

«ዳኛ፣ በእኔ ስም ሰው እንዳይቀጣ» አለች። «ልጆቹ ይነሣል ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ። ደምሴ ያንን ቦታ ይወደው ነበር፤ ቤት መጥቶ እየደጋገመ ያሳየኝ ነበር። ልጆቹ ሲሉ… እኔም ትንሽ ጠብቄያለሁ። ክፉ ነገር አልነበረም።» ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ረጅም ነበር፤ ሁሉም ሊቀመጥ ሲመቻች አየሁ። ጣቴ ተነሥታ ነበር። አወረድኳት።

«የሞት ማስታወቂያው ከፊልሙ ይውጣ» አልኩ። «ያ የሰው ነው፤ ለባርኔጣ አይሆንም። ሌላው ይቀጥል። ጡሩምባውም እጁ ላይ ይቆይ፤ ውሉም እንዳለ ነው።»

ሽፈራው ጡሩምባውን በሁለት እጁ ያዘ። ጉሮሮውን መታ መታ አደረገ። «አባትየውስ?» አለ።

«ይናገር። ዝም ሲል ሞኝ ይመስላል።»

ሰዉ ማጨብጨብ ሲጀምር አቋረጥኩት። «አንድ ነገር ግን ይስተካከል። ስኳር አይደለም። ጨው ነው።»

ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን ብል ውሸት ይሆናል። ጃንጥላዬን አልመለሰም። ቅዳሜ ከሰዓት አንዳንዴ በዚያ ሳልፍ ከውስጥ የራሴን ድምፅ እሰማለሁ፤ ጨው ሲል ሰምቼ አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የማላውቀው ምክር ይጨምርብኛል። ጥሩ ከሆነ እወስደዋለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እናገረዋለሁ። ከድሮው የሚለየው ሰዉ ለምን እንደሚስቅ አውቄ መናገሬ ብቻ ነው።

ሽፈራው ያረፈው ባለፈው ክረምት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ጎረቤቱ ቢያንኳኳ አልከፈተም። ሐጂ ከድር ሱቃቸውን ሳይከፍቱ መጥተው ነገሩኝ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ እሱ ነው፤ ሌላ የለንም። ቤቱ ሄጄ ጡሩምባውን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። ደጁ ላይ ቆሜ ልነፋው ሞከርኩ፤ የወጣው የአየርና የምራቅ ድምፅ ነው። ትቼው በአፌ ልናገር ዳገቱን ወጣሁ።

«የዕድሩ አባላት ሁሉ ስሙ» አልኩ። «ሽፈራው አርፏል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በቀጨኔ መድኃኔዓለም ይፈጸማል። በሰዓቱ ተገኙ።»

ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሴት ሳቀች። ወይዘሮ አስካለ ናት፤ ከባሏ ቀብር ወዲህ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም።

«ስሚው፣ በዚህ ብርድ ደግሞ ጋሽ ወርቁን ሆኖ መጣ» አለች።

«ማን ሞተ አለ?» አለች ልጇ ከውስጥ።

«ራሱ። ሞቻለሁ እያለ ነው።»

«ቀልድ አይደለም። ሽፈራው ነው ያረፈው» አልኩ። ይህን ስል ደግሞ ባሰባቸው። ቀጥሎ ባለው ግቢ አንዱ፣ «መብራቱን ማን አጠፋው በለና» አለኝ። ከላይ ከዳገቱ ልጆች «በሰዓቱ ተገኙ» እያሉ አብረውኝ ጮኹ። ድምፄን ኮስተር ባደረግሁት ቁጥር ይበልጥ እሱን መሰልኩ። በሕይወቴ ሙሉ ሰው አስቄ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን አንድ መንገድ ሙሉ ሰው አሳቅሁ፤ ማቆምም አልቻልኩም።

የአስካለን በር አንኳኳሁ። ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ ከፈተች። አየችኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ መንገዱ አየች፣ ሽፈራውን ፈልጋ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች። እጇ አፏ ላይ ቀረ።

ወደሚቀጥለው በር ሄድኩ። እዚያ ውስጥ ገና እየሳቁ ነበር፤ አንዱ በእኔ ድምፅ ስለ ሳሙና ያወራል፣ ሌሎቹ ጨምር ጨምር ይሉታል። ለማንኳኳት እጄን አነሣሁ፤ መልሼ አወረድኩት። ጡሩምባውን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ዳገቱ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።